የሸክላ ሰብሳቢው ጆሮ

በአገራችን ስለ ሙዚቃ የሚጻፈው ሂስ በአብዛኛው ስለ ድምፃዊው ሕይወት፣ አለዚያም ስለ ዘፈኑ መልእክት የሚያወሳ ነው። ስለ አድማጩ የሚነሣው ነገር እምብዛም ነው። ተውኔት ያለ ተመልካች፣ ግጥምም ያለ አንባቢ ሙሉ ሊሆን እንደማይችል ሁሉ ሙዚቃም ያለ አድማጭ ጎዶሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ አድማጭን፣ በተለይም ከአድማጮች ሁሉ በትጋቱና በጉጉቱ ተለይቶ የሚታወቀውን ሸክላ ሰብሳቢ፣ እንደ አንድ የኪነ ጥበብ ጉዳይ አድርጎ መመርመር ነው። ሰብሳቢው ምን ያተርፍልናል? ምንስ ያጎድልብናል? መምህራን፣ የኪነ ጥበብ ሰዎችና በባህል ሥራ ላይ የተሰማራን ሁሉ ከእርሱ ምን እንማራለን? የምንነሣው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተመለከተ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ዕቃው

ቋንቋችን ለሙዚቃ ዲስክ ያወጣለት ስም ሸክላ ነው፤ ጀበናውና ድስቱ የሚጠሩበት ያው ስም። የጥንቶቹ ዲስኮች፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከተፈጨ ድንጋይ የሚሠሩ ስለ ነበሩ ከእጅ ያመለጡ እንደ ሆነ እንደ ገል ይሰባበሩ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በርሊን ላይ ድምፃቸውን ያስቀረጹት በእንዲህ ዓይነቱ ተሰባሪ ሸክላ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ የሚዞረውንና በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል ሙዚቃ የሚይዘውን ረጅም ሸክላ አወጣ። በተከታዩ ዓመት አር ሲ ኤ ቪክተር ባለ 45ቱን ትንሽ ሸክላ ለገበያ አቀረበ። ረጅሙ ሸክላ ለሙዚቃ ሠሪው አዲስ ቅርጽ ፈጠረለት። ከዚያ በፊት አንድ ዘፈን ብቻውን ይወጣ፣ ብቻውን ይሰማ ነበር፤ አሁን ግን ስምንትና ዘጠኝ ዘፈን በቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ መካከል ላይ ዕረፍት ተደርጎበት፣ እንደ አንድ ድርሰት ሊቀርብ ቻለ።

በዚያው በ1948 በአገራችን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን ብቸኛ መብት በ1969 ደፍሮ የጣሰው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ነው። የመጀመሪያ ሥራው የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ሲሆን የታተመውም ሕንድ አገር ነበር። አምሃ ከአገር እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን አሳተመ። ፊሊፕስና በአሊ አብደላ ካይፋ የተቋቋመው ካይፋ ሬከርድስም በየፊናቸው ሠሩ። ይሁንና ዘመኑ አጭር ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ የሌሊት ክበቦችን ሲያዳክም፣ በርካሽ የሚገዛውና በየቤቱ የሚቀዳው ካሴት ደግሞ የሸክላን ገበያ ወሰደ። በ1978 ገደማ ሸክላ ማሳተም ሲያበቃ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የወጣው በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጋ ትንሽና ወደ 30 የሚጠጋ ረጅም ሸክላ ብቻ ነበር።

ይህን አኀዝ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሠላሳ ረጅም ሸክላ አንድ ሰው በአንድ ክንዱ አቅፎ ሊሸከመው የሚችል ነገር ነው። የአንድ ዘመን የከተማ ሙዚቃችን፣ ታላላቅ ድምፃውያኑና አቀናባሪዎቹ ያሉበት፣ በአንድ ቁም ሳጥን መደርደሪያ ላይ ያልቃል። የመጥፋቱም የመዳኑም ዕድል የተንጠለጠለው በዚሁ በማነሱ ላይ ነው።

2. የሰብሳቢው ቤት

ባለፈው ክረምት በአንድ ወዳጄ አማካይነት አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ቤት ተጋበዝሁ። ቤቱ ፒያሳ አካባቢ የነበረ ሲሆን ሰፈሩ በመፍረሱ ዛሬ የሚኖሩት በከተማው ዳር በተሠራ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሦስት መቶ በላይ ሸክላ አላቸው። ሲዛወሩ አልጋውን ለጫኚዎች ትተው ሸክላዎቹን ግን ራሳቸው በሦስት ምልልስ አጓጓዙ። ባለቤታቸው ይህን ሲያጫውቱን፣ «እኔን እንኳ በአንድ ምልልስ ነው ያመጡኝ» ብለው አሳቁን።

ጋሼ ሸክላ የሚፈልጉት መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ፣ ቤት ከሚለቁ ሰዎች፣ ከተዘጉ ቡና ቤቶች ዕቃ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ሽፋኑ የጠፋ፣ ገጹ በአቧራና በዘይት የደደረ ነው። ወደ ቤት አምጥተው በለዘበ ውኃና በጥጥ ያጥቡታል፤ በነጠላ ጫፍ ያደርቁታል። ከዚያ በፊት አያጫውቱትም። «ገና ሳልሰማው ያለችው ጊዜ ናት የምትጣፍጠው» አሉኝ። «የምን ዘፈን እንደ ሆነ በወረቀቱ ላይ አነባለሁ፤ ግን አላውቀውም። ተማሪዎቼ ካርታ ላይ የከተማ ስም አንብበው አገሩን እንደማያውቁት ማለት ነው።»

መርፌው ገጹ ላይ ሲያርፍ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር በፊት፣ እንደ ምጣድ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። አንደኛው ገጽ እስኪያልቅ ማንም አልተናገረም። ቡና እንኳ ቀርቦ ሳለ አልተቀዳም። በዚያ ቤት ሕጉ ይህ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ፤ ገጹ ሲያልቅ ቡና ይቀዳል፣ ሐሳብ ይሰጣል፣ ከዚያም ሸክላው ይገለበጣል።

እኔ ተውኔት እጽፋለሁና ይህ ሥርዓት ወዲያው ገባኝ። የሸክላ መገልበጥ በሁለት ገቢር መካከል እንደሚወርድ መጋረጃ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ የሚዘጋው ዘፈን ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠ፣ ሁለተኛውን የሚከፍተው ለምን ሞቅ ያለ እንደ ሆነ የሚገባው፣ ሥራውን ከነቅደም ተከተሉ ለሰማ ሰው ብቻ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 በአምሃ አማካይነት ያሳተመውን «የካቲት» የተባለ ረጅም ሸክላ ስንት ሰው ቆራርጦ ሰምቶታል? ከዚያ ውስጥ አንድ ቁራጭ በታክሲ፣ አንድ ቁራጭ በሆቴል አዳራሽ ሰምተን «አውቀዋለሁ» እንላለን። አንድ ተውኔት ሁለተኛውን ገቢር ብቻ አይተን አየነው እንደማለት ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢው የሚያተርፍልን የመጀመሪያው ነገር መስማትን ከማዳመጥ መለየት ነው። መስማት በጆሮ ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ማዳመጥ ግን ሥራ ነው፤ ጊዜና ዝምታ ይጠይቃል። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የማይቆጠር ዘፈን በሚገኝበት ዘመን እጥረቱ የሙዚቃ አይደለም፤ የአዳማጭ ነው።

3. የአንድ ሸክላ ምርመራ

በዚያ ምሽት ከሰማናቸው መካከል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የታተመው የጌታቸው መኩሪያ የሳክስፎን ሸክላ ይገኛል። የሰብሳቢን ጆሮ ኃይልና ድክመት አብሮ ስለሚያሳይ በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት እንቆይ።

ጌታቸው በልጅነቱ ክራርና መሰንቆ የተጫወተ፣ በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ሥራ የጀመረ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና ከ1965 ጀምሮ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ ባለሙያ ነው። ትልቁ ሥራው ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማምጣቱ ነው። ሽለላ በመሠረቱ የቃል ጥበብ ነው። ሸላዩ ትንፋሹ እስኪያልቅ ቃሉን ይደረድራል፤ ድንገት ይቆማል፤ ያቅራራል፤ ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ልኩ የሸላዩ ትንፋሽና የቃሉ ርዝመት እንጂ የከበሮ ምት አይደለም። ጌታቸው ይህን ሁሉ ቃል በሌለው መሣሪያ ተናገረ። አንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲወጣም የሚያሳየው ትርኢት ለማስዋብ ብቻ አልነበረም፤ የሚጫወተው ሚና የሸላይ ሚና ስለ ነበረ ነው።

የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ይህን ሸክላ ባገኙ ጊዜ እጅግ ተደነቁ። አብዛኞቹም አሜሪካ ውስጥ ኦርኔት ኮልማንና አልበርት አይለር ካራመዱት ነፃ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት። ማመሳሰሉ በከንቱ የመጣ አይደለም፤ የድምፁ መቃተት፣ ከምት መውጣቱ፣ የሳክስፎኑ ጩኸት ለጆሮ ይቀራረባል። ነገር ግን ምንጩና ዓላማው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ነፃ ጃዝ የታወቀ የስምምነት ሕግን ለመስበር የተነሣ ጥበብ ነው። ጌታቸው ግን የሰበረው ሕግ የለም፤ በአዲስ መሣሪያ ላይ ያጸናው ሕግ እንጂ። ሽለላ ያደገበት ጆሮ ያንን ሳክስፎን ሲሰማ ግራ አይጋባም፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የት ላይ አጃቢዎቹ ሊቀበሉ እንደሚገባ ያውቃል። ጋሼ ይህን ሸክላ ሲያሰሙን ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ለሙዚቃው ቃል እያበጁለት ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ፍርዱ በአንድ ወገን አይሰጥም። ያንን ቅጂ በሰፊው ያሰራጩት የውጭ ሰዎች ናቸው። ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድ የሙዚቃ ጓድ የተቀዳውን ሰምቶ ጌታቸውን በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓሉ ወደ አምስተርዳም ጋበዘው፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን ሥራ አብረው አሳተሙ። ጌታቸው በሰባ ዓመቱ ዙሪያ ገደማ በአውሮጳ መድረኮች ላይ እንደ ገና ሸለለ። በ2016 ሲያርፍ የሚያውቀው አድማጭ በሁለት አህጉር ነበር። በትክክል ያልተረዳው ጆሮ አዳነው፤ በትክክል የሚረዳው ጆሮ፣ ማለትም የእኛ፣ በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ዞሮ ነበር። ይህን እውነት ሳይመሰክሩ የውጭውን ሰብሳቢ መተቸት ፍትሐዊ አይሆንም።

4. የሰብሳቢው ጉድለቶች

ይህን ካልን በኋላ ወደ ጉድለቶቹ እንለፍ። ሦስት ናቸው።

አንደኛው የቃሉ ጉዳይ ነው። በ1984 ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የተጓዘ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ጆሮ ገባ። ፋልሴቶ ተከታትሎ አገራችን መጣ፤ በካይፋ የታተመው «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ ዳግም ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት ተጀምሮ 30ኛው ቅጽ በ2017 ታተመ። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ዓለም የሰማው ዘፈን በአብዛኛው ቃሉ ተነጥሎበት ነው። ለማይሰማው ሰው ቃል የዜማ መሸከሚያ ይሆናል። በእኛ ዘፈን ግን ሰምና ወርቁ፣ ስላቁ፣ ስም ሳይጠራ የሚወረወረው ነገር፣ ከዜማው እኩል አንዳንዴም በላይ የሥራው አካል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ እኛም ብዙ የተሻልን አለመሆናችን ነው። በዚያ ምሽት ባገላበጥኋቸው ሸክላዎች ላይ የድምፃዊው ስም በጉልህ ተጽፏል፤ የግጥሙ ደራሲ ስም ግን ባብዛኞቹ ላይ የለም። ግጥም ጻፊ ነኝና ይህ ነገር አንጀቴን በላው። የዘፈን ግጥም ከሥነ ጽሑፍ ጓዳ የሚገባው መቼ ነው?

ሁለተኛው ብርቅነትን ከብቃት ጋር ማምታታት ነው። ሰብሳቢ ሰው ነውና ጎረቤቱ የሌለውን ሸክላ ሲያገኝ ይደሰታል። ዋጋም የሚወጣው በዚሁ ነው። ነገር ግን አንድ ሸክላ ብርቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በታተመበት ዘመን ስላልተሸጠ ወይም ስለ ተሰበረ ነው፤ ይህም ስለ ሥራው ጥራት የሚነግረን ነገር የለም። በሺህ የሚቆጠር ቤት የገባ፣ ሠርግና ማኅበር ያደመቀ ሸክላ በሰብሳቢ ዘንድ «ተራ» ይባላል። ለባህል ታሪክ ግን ያ «ተራ» የተባለው ይበልጥ ይናገራል። በዚህ ላይ የብርቅ ሸክላ ዋጋ በውጭ ገበያ ሲንር ለሠራው ሙዚቀኛ የሚደርሰው ሳንቲም የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያ ሁሉ ሸክላ ታትሞ ካበቃ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሦስተኛው «ወርቃማ ዘመን» የሚለው አመለካከት ነው። ከ1969 እስከ 1975 ያለው ጊዜ ወርቅ ነው ሲባል በዘዴ ከዚያ ወዲህ ያለው መዳብ ነው መባሉ ነው። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» የታተመው በ1977፣ ወርቃማው ዘመን አበቃ ከተባለ በኋላ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብቻውን ሆኖ የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 ዳግም ታተመ፤ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር የነበረው ኃይሉም በዚህ ሰበብ ወደ መድረክ ተመለሰ። ያ ሥራ ከሰዓት እላፊውም ዘመን፣ ከካሴቱም ዘመን የተገኘ ነው። ጥበብ በዘመን አጥር ተከልላ የምትቀር አይደለችም፤ አጥሩን የሚሠራው የሰብሳቢው መደርደሪያ ነው። ሸክላ ብቻ የሚሰበስብ ሰው የካሴቱን ዘመን አይሰማም። የእኔ ትውልድ ጆሮ የተከፈተው ደግሞ በካሴት ነው፤ ቴፑ ሲያኝከው በቢክ እስክርቢቶ እየጠመዘዝን መልሰን ስንሰማው ነው ያደግነው።

5. ስለ ራሴ ጥፋት፣ ስለ ሁላችን ግዴታ

የሌላውን ጉድለት የዘረዘረ የራሱን መደበቅ አይገባውም። አባቴ ደሴ ከተማ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበር። እንደ ሻንጣ የሚከደን በባትሪ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻና አርባ ያህል ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩት። ከመሐል ካለው ክብ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ቀለም ስሙንና የገዛበትን ቀን ይጽፍ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ የማጫወቻው መርፌ ከተሰበረ ቆይቶ ስለ ነበር ሸክላዎቹን ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አያውቃቸውም። አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት ቤት ስመለስ፣ እናቴ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን እንዳጸዳላት አዘዘችኝ። ቆራሌው በደጅ እየጮኸ ሲያልፍ ጠራሁትና ከጠርሙስና ከአሮጌ ጫማ ጋር አድርጌ ሸጥሁለት። ገንዘቡ የአንድ ቀን ምሳ አልሞላም። ሥነ ጽሑፍ እማር ነበር፤ ስለ ቅርስ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይቀር ኋላ ጽፌአለሁ።

ከዓመታት በኋላ በውጭ አገር ታትሞ በመጣ ሲዲ ላይ አንድ ዘፈን ሰማሁ። ስሙን አወቅሁት፤ ካርቶኑ ውስጥ፣ ከአባቴ ፊርማ ጎን አንብቤው ነበር። ዘፈኑን ግን የሰማሁት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ምን ይወድ እንደ ነበር የነገረኝ የውጭ አገር ሰብሳቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸክላ በተደረደረበት ቤት በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው መሐሉን ወረቀት ነው። በጋሼም ቤት ሦስት መቶውን አንድ በአንድ አገላበጥሁ። የሰዎች ስም ያለባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ የአባቴ አልነበረም። ጋሼ የምፈልገውን ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። «ስሙን ጻፍልኝ» ብለው ወረቀት አቀረቡልኝ፤ አጣጥፈውም መነጽር መያዣቸው ውስጥ አኖሩት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ለአንባብያን ማሳሰብ እወዳለሁ። በመጀመሪያ፣ በየቤቱ፣ በየቀበሌው አዳራሽ፣ በየአሮጌው ሆቴል ዕቃ ክፍል ያለው ሸክላና ካሴት ከመጣሉ በፊት ይመዝገብ። የድምፃዊው ብቻ ሳይሆን የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ የአቀናባሪውና የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ስም ይጻፍ። የሚያውቁት ሰዎች ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው፤ አምሃ እሸቴና አለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 ተለይተውናል። ሁለተኛ፣ መምህራን በወር አንድ ቀን፣ አንድ ሙሉ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይናገሩበት ለተማሪዎቻቸው ያሰሙ። ከዚያ በኋላ ይወያዩ። ሂስ ከማዳመጥ በፊት አይመጣም። ሦስተኛ፣ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሰብሳቢዎችን እንደ ዕቃ ወዳድ ብቻ መመልከታችንን ትተን እንደ ሥራ ባልደረባ እንያቸው። መደርደሪያቸው ላይ ያለው የራሳችን ሥራ ነው።

የሰብሳቢው ጉጉት ሲመዘን ጉድለት እንዳለበት አይተናል። ቃል ያመልጠዋል፤ ብርቁን ያከብራል፤ ዘመንን ያጥራል። ግን አንድ ነገር አለው፣ እኛ የሌለን፤ ያላወቀውን ለመስማት ይቸኩላል። ቃሉን የምናውቀው እኛ፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚወሰድ የምናውቀው እኛ፣ ይህንኑ ጉጉት ብንጨምርበት የሚጎድል አይኖርም። ቆራሌው ዛሬም በየሰፈሩ ያልፋል። ከመጥራታችን በፊት ካርቶኑን እንክፈት።